ጭድ፣ ኖራና 92 ዲግሪ፦ እንጉዳይን በጎጃም ቤት ማብቀል

እንጉዳይ ላብቅል ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዘሩን ከየት ላምጣ?» ብሎ ነው። ክረምት ላይ ከግጦሽ ሜዳ የነቀለውን የጅብ ጥላ አድርቆ፣ ፈርፍሮ፣ ርጥብ ጭድ ላይ በትኖ የሚጠብቅም አለ። አይበቅልም። ለምን እንደማይበቅል ለማወቅ እንጉዳይ የሚራባበትን፣ ስፖር የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ ማወቅ ያስፈልጋል። እሱን ያወቀ ሰው ጭዱ ለምን እንደሚቀቀል፣ እጅ ለምን በአልኮል እንደሚታሽ፣ በር ለምን እንደሚዘጋ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

የእንጉዳዩን ቆብ ገልብጣችሁ ስታዩት ከሥሩ ሽንሽን አለ። በእያንዳንዱ ሽንሽን ግራና ቀኝ ባሲዲየም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቋሚዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ስፖር ይሸከማል። ስፖሩ ሲደርስ እግሩ ሥር አንዲት ኢምንት የውሃ ጠብታ ታብጣለች። ጠብታዋ አድጋ አድጋ በስፖሩ ጎን ካለው ስስ ውሃ ጋር ስትነካካ ሁለቱ በቅጽበት ይዋሃዳሉ፣ የዚያ ጉልበት ስፖሩን ያስፈነጥረዋል። የሚሄደው 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ይበቃዋል። በሁለቱ ሽንሽኖች መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ከወጣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከቆቡ ሥር ሲደርስ ነፋስ ይቀበለዋል። ጠብታዋ የምትሠራው ከአየሩ እርጥበት ስለሆነ በደረቅ ቤት እንጉዳይ ስፖሩን በደንብ አይለቅም።

እዚህ የምናበቅለው የኦይስተር እንጉዳይ ስፖር ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ 100 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ ነው 1 ሚሊሜትር የሚሞሉት። አንድ የጎለመሰ እንጉዳይ የሚበትነው በቢሊዮን ይቆጠራል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ጭዳችን ላይ ለምን አይጸድቅም?

የጤፍ ፍሬ ውስጡ ጽንስም ስንቅም አለው። ስፖር ግን አንዲት ሕዋስ ናት፣ ስንቋም ከቁጥር አይገባም። ስትበቅል ቀጭን ክር ታወጣለች፤ ያ ክር ብቻውን እስከፈለገው ቢያድግ እንጉዳይ አያወጣም። ከሌላ ስፖር ከወጣና በዓይነት ከሚስማማው ክር ጋር መዋሃድ አለበት። ኦይስተር ላይ ደግሞ ዓይነቱ ሁለት ብቻ አይደለም። ከአንድ እንጉዳይ የወጡ ስፖሮች በአራት ይከፈላሉ፣ እንዳጋጣሚ የተገናኙ ሁለቱ የመስማማት ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ተስማምተው ቢዋሃዱም የሚወጣው እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ሁሉ ነገሩ እግር የሆነ ይወጣል። (ሱቅ የሚሸጠው ነጩ በተን እንጉዳይ ለየት ይላል፤ ባሲዲየሙ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስፖር ብቻ ይይዛል፣ እያንዳንዱም ሁለት ኒውክለስ (የዘር መረጃ የያዘው የሕዋስ እምብርት) ስለሚደርሰው ብቻውን ፍሬያማ ይሆናል።)

ዋናው ጉዳይ ግን ፍጥነት ነው። ትራይኮደርማ የሚባለው አረንጓዴ ሻጋታ ስፖሩ 3 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ተጣማሪ አይፈልግም፣ በቀን ውስጥ ይበቅላል፣ በሦስት አራት ቀን ራሱ መልሶ ስፖር ያፈራል። የእንጉዳዩ ስፖር ገና ጓደኛ ሲፈልግ ጭዱ ተወርሷል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ሕግ ሁለት ነው፦ የእንጉዳዩን ስፖር አንዘራም፣ የሻጋታን ስፖር አናስገባም። የምንዘራው ተጣምሮ ያደገውን ነጭ ድር፣ ማይሲሊየሙን ነው። «የእንጉዳይ ዘር» ተብሎ በጠርሙስ ወይም በላስቲክ የሚሸጠው ይኸው ድር የወረሰው ማሽላ ወይም ስንዴ ነው። ስትገዙ ፍሬው ሁሉ በነጭ ድር የተያያዘ፣ ሲሸቱት የእንጉዳይ ሽታ ያለው ይሁን። ጎምዛዛ ሽታ ካለው፣ ታች ውሃ ካቆረ፣ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ከታየበት በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ከሜዳ የተለቀመ ስለማይዘራበት ሌላም ምክንያት አለ። ከኩይሳ ላይ የሚወጣው ትልቁና ጣፋጩ እንጉዳይ ከምስጥ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ምስጡ ጎጆው ውስጥ ይመግበዋል፣ እሱም ለምስጡ እንጨቱን ይፈጭለታል። ያለ ምስጥ ጭድ ላይ ፍሬ እንዲያወጣ አይደረግም። ሌላው የዱር እንጉዳይ ደግሞ ገዳዩን ከሚበላው መለየት የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ቆቡን በሽንሽኑ በኩል ነጭና ጥቁር ወረቀት ላይ ደፍቶ፣ በብርጭቆ ሸፍኖ ማሳደር የስፖሩን ቀለም ያሳያል። የኦይስተር ነጭ ወይም ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ የበተን ቸኮላት፣ ሆድ የሚያጣድፈው ባለ አረንጓዴ ስፖር እንጉዳይ ደግሞ አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ጉበት የሚያጠፋው የአማኒታ ዓይነትም ስፖሩ ነጭ ስለሆነ «ነጭ ወጣ» ማለት «ይበላል» ማለት አይደለም። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም።

የትኛው ዓይነት ለየትኛው ወረዳ

ለጀማሪ ኦይስተር ነው። ማዳበሪያ ብስባሽ አይጠይቅም፣ ከጭድ ላይ በቀጥታ ይበቅላል፣ ከሻጋታ ጋርም ይታገላል። ነገር ግን ኦይስተር አንድ አይደለም፤ ጎጃምም አንድ አየር የለውም። ለደብረ ማርቆስ፣ ለእንጅባራ፣ ለሞጣና ለጮቄ ሥር ደጋ ግራጫው ፕሉሮተስ ኦስትሬተስ ይስማማል፤ ፍሬ የሚያወጣው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ነው። ለባሕር ዳር፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ የሚወደው ፕሉሮተስ ፑልሞናሪየስ ይሻላል። ሮዝ ቀለም ያለው ፕሉሮተስ ጃሞር ለቆላ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ለወረደ ቦታ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ብርድ ይገድለዋል፣ ዘሩም ማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥም። ደብረ ማርቆስ ላይ ሮዙን ዘርቶ «አልበቀለልኝም» የሚል ሰው የተሳሳተው ዘሩን ሲገዛ ነው። ሻጩን የዓይነቱን ስም ጠይቁ፤ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ጭዱ

ጎጃም ላይ ያለው ሀብት የጤፍ ጭድ ነው። ለከብት ይፈለጋል፣ ለጭቃ ምርጊት ይፈለጋል፣ ስለዚህ ርካሹ ጊዜ ከውቂያ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ነው። ጭዱ ቢጫና አንጸባራቂ፣ ዝናብ ያልነካው፣ ሲያራግፉት አቧራ እንጂ ጭስ የመሰለ ግራጫ ዱቄት የማይለቅ ይሁን፤ ያ ዱቄት የሻጋታ ስፖር ነው። በበሬ የተወቃ ከሆነ ከክምሩ ሥር ያለውን ተዉት፤ እበትና ሽንት ይነካዋል። እበት የነካው ጭድ አሞኒያ ስለሚይዝ ቀጫጭን እግር ያለው፣ በቀን ውስጥ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ የዱር እንጉዳይ ይወርሰዋል።

የጤፍ ጭድ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ውስጡ የቀረ ፍሬ አለ። ፍሬው ረጥቦ ከበቀለ ለሻጋታ ግብዣ ነው፤ ስለዚህ በወንፊት ወይም በሰፌድ አንዴ አበጥሩት። ሁለተኛ፣ ደቃቅ ስለሆነ ሲረጥብ ይተኛል፣ ይጠቀጠቃል፣ መሐሉ አየር ያጣና ይጎመዝዛል። መፍትሔው ሻካራ ነገር መቀላቀል ነው፦ ሁለት እጅ የጤፍ ጭድ፣ አንድ እጅ የስንዴ ገለባ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር የተቆረጠ። ምዕራብ ጎጃም ላይ በቆሎ ሞልቷል፤ ቆረቆንዳው የሽምብራ ፍሬ እስኪያክል ከተቀጠቀጠ ከገለባውም ይበልጣል። ግን ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ ለብቻው 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ።

ለመጀመሪያ ሙከራ 10 ኪሎ ደረቅ ጭድ ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ በዚህ ነው።

ማጽዳት፦ ሦስት መንገድ

ሻጋታውን ለመቀነስ ሦስት መንገድ አለ። ርካሹ ኖራ ነው። በርሜል ውስጥ 150 ሊትር ውሃ አድርጉ፣ በ1 ሊትር 3 ግራም ሒሳብ ግማሽ ኪሎ የተቀለጠ ኖራ በጥብጡ፣ ጭዱን በጆንያ አስራችሁ አስጥሙ፣ በድንጋይ ተጫኑት። ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆይ። የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱና የአልካላይነቱ ልክ) ከ12 በላይ ሲሆን አብዛኛው ሻጋታ ይሞታል፣ የኦይስተር ድር ግን በኋላ የተጠነፈፈውን ጭድ ይችለዋል።

እዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ ለገበሬው የሚከፋፈለው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ፒኤቹ ከ8 ብዙም አያልፍም፣ አንዲት ሻጋታ አይገድልም። የሚያስፈልገው ለግድግዳ መቀቢያ የሚሸጠው፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሆነው ነው። ያልተቀለጠው ጥሬ ኖራ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል፤ በቤት አትሞክሩት። የተቀለጠውም ቢሆን ቆዳ ይልጣልና ጓንት ይደረግ።

ሁለተኛው ሙቅ ውሃ ነው። ጭዱን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ 1 ሰዓት አቆዩት፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው መሐሉ 70 ከደረሰ ጀምሮ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ይህን መንገድ አትምረጡ። «ይፈላ እንጂ፣ የበለጠ ቢበስል ምን አለበት?» የሚል አለ። አለበት። ለረጅም ጊዜ የፈላ ጭድ ሻጋታን የሚከላከሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹ ሞተው፣ ስኳሩ ሟሙቶ ይወጣል፤ መጀመሪያ ያረፈበት የሻጋታ ስፖር ጠላት አያገኝም።

ሦስተኛው እንፋሎት ነው፣ እኔ የምመርጠው። የ200 ሊትር በርሜል ታች 15 ሴንቲሜትር ውሃ፣ ከውሃው በላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ርብራብ፣ በላዩ የተዘፈዘፈና የተጠነፈፈ ጭድ በጆንያ፤ ክዳኑ በጨርቅ ተጠቅጥቆ ትንሽ መተንፈሻ ይቀርለታል። ባሕር ጠለል ላይ የተጻፈ መመሪያ በ100 ዲግሪ እንፋሎት ያወራል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ 94። ስለዚህ መመሪያው 4 ሰዓት ቢል እናንተ እንፋሎቱ በደንብ መውጣት ከጀመረ በኋላ 6 ሰዓት አቆዩት፤ ውሃው እንዳያልቅ መሐል ላይ የፈላ ውሃ ጨምሩበት። ቀዝቃዛ ከጨመራችሁ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ፉርሽካ መጨመር የምትችሉትም በእንፋሎት ብቻ ነው፤ ለ10 ኪሎ ጭድ ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ። በኖራ በጸዳ ጭድ ላይ ፉርሽካ መጨመር ሻጋታን መቀለብ ነው።

የውሃው ልክ ከማጽዳቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። 10 ኪሎ ደረቅ ጭድ ተጠንፍፎ ሲመዘን 26 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት፤ ያኔ እርጥበቱ 65 በመቶ አካባቢ ነው። ሚዛን ከሌለ አንድ እፍኝ አጥብቃችሁ ጭመቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ይውረድ። ከጣቶች መሐል ከፈሰሰ ገና ነው፣ ንጹሕ ጆንያ ላይ ተበትኖ ይቆይ። ምንም ካልወረደ ደርቋል። የጤፍ ጭድ ላይ ወደ ደረቁ ማድላት ይሻላል።

መዝራት

ጭዱ ከ30 ዲግሪ በታች እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ እጅ ላይ ለብ ካለ ገና ነው። የሙቀት ችኮላ ዘሩን ይገድላል።

ክፍሉ ትንሽ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ወለሉ ውሃ የተረጨበት ይሁን። ከመዝራት በፊት መጥረግ ክልክል ነው፤ መጥረጊያ የተኛውን ስፖር ሁሉ ያነሳል። ብቅል ከሚበቅልበት፣ ጎተራ ካለበት፣ የጠላ ድፍድፍ ከተቀመጠበት ቤት ራቁ፤ በተለይ ብቅል የሻጋታ መፈልፈያ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ አውድማው ሁሉ አቧራ ስለሆነ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ሥሩ። እጅና ጠረጴዛ በ70 በመቶ አልኮል ይታሽ። አረቄ ቢኖርም ቤት የወጣ አረቄ እዚያ ስለማይደርስ ለእንግዳ ይቀመጥ።

ለ26 ኪሎ ርጥብ ጭድ 1.3 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ 5 በመቶ ማለት ነው። ደጋ ላይ ድሩ ስለሚዘገይ 8 በመቶ ብታደርጉት ሻጋታን የመቅደም ዕድሉ ይሰፋል። 30 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ላስቲክ ውስጥ አንድ ጋት የሚያህል ውፍረት ጭድ፣ በላዩ እፍኝ የማይሞላ ዘር ከዳር ከዳር፣ እንደገና ጭድ፤ አራት አምስት ጊዜ እያፈራረቃችሁ ሙሉ። እያንዳንዱን ድርብ በመዳፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ባዶ ቦታ ከቀረ እንጉዳዩ ላስቲኩ ውስጥ ያፈራና ይበሰብሳል። አንዱ ከረጢት 2.5 ኪሎ ሲመዝን አፉን እሰሩት፤ አሥር ያህል ይወጣል። በእሳት በተነካ መርፌ 15 ቀዳዳ ውጉ።

ከዚያ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ለየብቻ፣ በመካከላቸው አንድ ጣት ክፍተት ትታችሁ አስቀምጡ። ድሩ ሲሠራ ሙቀት ያወጣል፤ የከረጢቱ መሐል ከቤቱ አየር በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ተደራርበው ከተቀመጡና መሐሉ 35 ካለፈ ድሩ ይሞታል፤ ውጪው ነጭ ሆኖ ውስጡ ቡናማና ጎምዛዛ የሚሆነው በዚህ ነው። 24 ዲግሪ አካባቢ በ3 ሳምንት ይነጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ያለው ክፍል ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ የጭቃ ግድግዳና ኮርኒስ ያለው ይመረጥ። ከማድ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ለዚህ ጊዜ ጥሩ ነው። ጨለማ የግድ አይደለም፣ ፀሐይ ግን አይንካው።

ፍሬ ማስወጣት

ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ አምስት ስድስት ቀን አቆዩትና በጎኑ 3 ሴንቲሜትር የሆነ የመስቀል ቅርጽ ቅደዱ፣ ከረጢቱ ላይ ስድስት ቦታ። ከአሁን በኋላ ሕጉ ይገለበጣል። እስካሁን አየር ከልክለናል፣ አሁን አየር ይፈልጋል።

ቤቱ የታፈነ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና እግሩ እንደ ጣት ረዝሞ ቆቡ የአዝራር ያህል ይቀራል። ይህን ስታዩ ውሃ አትጨምሩ፣ መስኮት ክፈቱ። ከሰል የሚነድበት ቤት ውስጥ ቆቡ ይጠማዘዛል፤ ስለዚህ ከማድ ቤት ጎን ያለው ክፍል ለማንጣት ቢጠቅምም ለፍሬ አይሆንም፣ ጭሱ ይገባልና። ብርሃኑ መጽሐፍ የሚያስነብብ ያህል ይሁን። ጨለማ ውስጥ የወጣ ገርጥቶ ይቀራል።

እርጥበቱ ከ85 እስከ 95 በመቶ። ክረምት ላይ ጎጃም ይህን በነጻ ይሰጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ትግሉ ከዝንብና ከሻጋታ ጋር ነው። በጋ ላይ ትግሉ ከድርቀት ጋር ነው፦ የረጠበ ጆንያ በበርና በመስኮት ይሰቀል፣ የአፈር ወለል ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ አየሩ በደቃቅ መርጫ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይረጭ። እምቡጡ የክብሪት ራስ ሲያክል ውሃው በቀጥታ አይንካው፤ ያቆረ ውሃ ቢጫ አድርጎ ያከስመዋል።

ከተቀደደ በኋላ ከ4 እስከ 7 ቀን እምቡጥ ይታያል፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ቆቡ ገና ጠርዙ ወደ ታች እንደታጠፈ ጭፍራውን ሁሉ አንድ ላይ ጠምዝዛችሁ ንቀሉ፤ ጉቶ አይቅር፣ ይበሰብሳል። ጠርዙ ከተዘረጋና ወደ ላይ ከዞረ ስፖር እየለቀቀ ነው። ታች ያለው ከረጢት ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አርፍዳችኋል። የኦይስተር ስፖር ሳንባ ያስቆጣል፤ ለወራት የተነፈሰው ሰው ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሊይዘው ይችላል። መኝታ ቤት ውስጥ እንጉዳይ አይበቀልም፣ ለቀማም በማስክ ነው። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

በየ10 ቀኑ ገደማ ሌላ ዙር ይመጣል፤ ሦስት ዙር ድረስ ያዋጣል፣ አብዛኛው ምርት ግን ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ከ10 ኪሎ ደረቅ ጭድ ጀማሪ 5 ወይም 6 ኪሎ ቢያገኝ ደህና ነው፣ እጁ የለመደ ሰው 10 ኪሎ ይደርሳል። በአንድ ኪሎ ጭድ ሦስት ኪሎ እናወጣለን የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዘሩን ሳይሆን ወሬውን ነው የሚሸጠው።

ጊዜውን ለጾም ማስላት ይቻላል። ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር መጀመሪያ ላይ በአዲሱ ጭድ የተዘራ ደጋ ላይ ለሁዳዴ መግቢያ ይደርሳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር እዚያው ጾም ውስጥ ነው። ለፍልሰታ ደግሞ ሞቅ ባለው ወረዳ ሰኔ መጨረሻ፣ ደጋ ላይ ቀደም ብሎ ይዘራል።

ሲበላሽ

አረንጓዴ ሻጋታ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ለዚህ ነው የሚያታልለው። የእንጉዳይ ድር ነጩ የጠራ ሆኖ እንደ ክር ይጓዛል፤ ትራይኮደርማ ዱቄታማ ነጭ ሆኖ በሁለት ቀን መሐሉ ይለመልማል። አንድ ሳንቲም የሚያህል ከሆነና ከረጢቱ ውስጥ ከተዘጋ ለብቻው አርቃችሁ ጠብቁ፤ ኦይስተሩ ሊውጠው ይችላል። ከሰፋ ከረጢቱን ቤት ውስጥ ሳትከፍቱ ውጪ ወስዳችሁ ቅበሩ። አሥሩም ላይ ከወጣ ጥፋቱ ከማጽዳቱ ነው። አንዱ ሁለቱ ላይ ብቻ ከሆነ ከመዝራቱ ወይም ከተቀደደ ላስቲክ። ዘሩ ካረፈበት ቦታ ሁሉ ከጀመረ ዘሩ ራሱ የተበከለ ነው።

ብርቱካናማ፣ እንደ ጥጥ ለስላሳና ከቀዳዳ የሚፈነዳ ሻጋታ ኒውሮስፖራ ነው፣ ቆረቆንዳ ይወዳል። አንዳንዱ ስፖሩ በሙቀት ከመሞት ይልቅ ይነቃል፤ ስለዚህ ለብ ያለ ማጽዳት ይጠቅመዋል። ስፖሩ በትንፋሽ ስለሚበተን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በዝግታ፣ ከቤት አውጡት። ለዚያ ሳምንት ዘር አትዝሩ።

የኮመጠጠ ሽታና የሚያዳልጥ ጭድ ባክቴሪያ ነው፦ ውሃ በዝቷል። ከረጢቱ ውስጥ የሚታየው ቢጫ ፈሳሽ ግን ሁልጊዜ ብክለት አይደለም፤ ድሩ ሲጨነቅ የሚያወጣው ነው፣ መርፌ ወግታችሁ አፍስሱት። ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ዕንቁላላቸውን ድሩ ውስጥ ይጥላሉ። መስኮት ላይ ደቃቅ ወንፊት፣ ቤቱ ውስጥ ቢጫ ፕላስቲክ ዘይት ተቀብቶ ይሰቀል። አይጥና ዶሮ ደግሞ ለማሽላው ሲሉ ከረጢቱን ይቀድዳሉ።

ዘሩን ራስ ማባዛት

ይህ ጭድ ከመሙላት የከበደ ሥራ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በገዛችሁት ዘር ካመረታችሁ በኋላ ይሁን። 1 ኪሎ ማሽላ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀቅሉ። ፍሬው ያብጥ እንጂ አይፈንዳ፤ የፈነዳ ፍሬ ስታርቹ ይወጣና ለባክቴሪያ ይሆናል። ወንፊት ላይ አጥንፍፉ፣ ላዩ እስኪደርቅ በትኑት፣ እንዳይጣበቅ 10 ግራም ጀሶ ቀላቅሉበት። ጠርሙስ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሙሉ፣ አፉን በጥጥ ውተፉ፣ በፎይል ሸፍኑ።

እህል እንደ ጭድ በ92 ዲግሪ አይሆንለትም፤ ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች ስላሉት ፕሬዠር ኩከር የግድ ነው። እዚህም ከፍታው ይገባበታል። ባሕር ጠለል ላይ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) 121 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት ደብረ ማርቆስ ላይ በዚያው ግፊት ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ይደርሳል፤ የውጪው አየር ግፊት ዝቅተኛ ነውና። መመሪያው 90 ደቂቃ ካለ 2 ሰዓት ተኩል አድርጉት። ተራው የሽሮና የሥጋ ፕሬዠር ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ከዚያም ያንሳል፤ በሱ 3 ሰዓት፣ ውሃው እንዳያልቅ እያሰባችሁ። ሌሊቱን ተዘግቶ ይቀዝቅዝ።

የተዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ጎኑ ላይ ሁለት የክንድ ቀዳዳ አውጥታችሁ፣ ውስጡን በአልኮል አጽድታችሁ፣ አየሩ እስኪረጋ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ከጥሩ ዘር አንድ ሁለት ማንኪያ ወደ አዲሱ ጠርሙስ አዛውሩ። አልኮል በረጫችሁበት ሳጥን ውስጥ እሳት አታብሩ። ሲሦው ሲነጣ ጠርሙሱን አንዴ ነቅንቁት፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይሞላል። አንዱን ጠርሙስ ወደ አሥር ማባዛት ይቻላል፣ ግን ከሦስት ትውልድ አትለፉ፤ ድሩ ያረጃል፣ ምርቱ ይወርዳል። የግራጫው ኦይስተር ዘር 4 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ሁለት ወር ይቆያል።

ጠርሙስም ኩከርም ለሌለው ቀላሉ ካርቶን ነው። ቀለም ያልበዛበት ካርቶን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ሲቀዘቅዝ ጨምቁ፣ ሽፋኑን ልጣችሁ ድርቡ ላይ ከአዲስ እንጉዳይ የተቆረጠ የእግር ጉቶ ደርድሩ፣ ጠቅልላችሁ በላስቲክ አስቀምጡ። እህል ስለሌለበት ሻጋታ ብዙም አይስበውም። ይህም ስፖር አይደለም፤ ከጉቶው የሚወጣው የእናቱ ድር ነው፣ ጠባዩም የእናቱ።

የተለቀመው በወረቀት ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይቆያል፤ በፌስታል ታፍኖ በሁለት ቀን ያዝለገልጋል። ጥሬውን አትብሉ፣ ኦይስተር በሙቀት የሚፈርስ ሆድ የሚያስቆጣ ፕሮቲን አለው። ሽንኩርት ሳይገባ መጀመሪያ ለብቻው በደረቅ መጥበሻ ውሃው እስኪተን ይጠበስ፣ ዘይትና ቃሪያው ከዚያ ይግባ፤ አለበለዚያ ጥብሱ ወጥ ይሆናል። የበዛው ተሰንጥቆ በፀሐይ ይደርቃል፣ 10 ኪሎው 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ በታሸገ ዕቃ ለወራት ይቀመጣል። ሦስት ዙር የሰጠው ጭድ ሻጋታ ካልነካው ከደረቀ በኋላ ለከብት ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል፤ አረንጓዴ የታየበት ግን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱም ከመዝሪያው ክፍል በነፋስ መውረጃ በኩል፣ ራቅ ብሎ።